ድምፅ ሞልቷል፣ አጃቢ የለም፦ ከሀዋሳ ለድምፃውያንና ለኪቦርዲስቶች

ሀዋሳ ላይ ጥሩ ድምፅ ፈልጎ ያጣ ሰው አላውቅም። አቶቴ ሂዱ፣ ታቦር ሂዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በየቸርቹ የኳየር ጥናት አለ። አጥሩ ጋ ቆም ብላችሁ ብትሰሙ አራቱም ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይለያል፤ ሶፕራኖዎቹ ከላይ፣ ቤዞቹ ከሥር። ኪቦርድ የሚነካ ልጅም በሽ ነው። አንዱ ቢቀር ሌላው ተነስቶ ይቀመጣል፣ ፕሮግራም አይቆምም። የሚጠፋው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ክላሲካል ለሚማር ድምፃዊ ኖታ አንብቦ የሚጫወት፣ አንዷን መስመር ደጋግመው ቢያስጫውቱት የማይሰለች አጃቢ።

እኔ አሁን የምሠራው ይሄንን ነው። መነሻዬ የቸርች ኪቦርድ ነው። ኖታ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ለሥራ ወደ ሀዋሳ ከመጣ አስተማሪ ዘንድ ነው። ይሄን የምጽፈው በቴሌግራም ተመሳሳይ ጥያቄ እየደጋገመ ስለሚመጣልኝ ነው። ድምፃውያኑ "የት ልማር?" ይላሉ። ኪቦርዲስቶቹ ደግሞ "ከአምልኮ ውጪ በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል ወይ?" ይላሉ። እኔ የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል ባይ ነኝ። ድምፃዊው ትልቅ አስተማሪ ፍለጋ ከመንከራተቱ በፊት አጃቢ ይፈልግ፤ ኪቦርዲስቱም ባንድ ከማሳደዱ በፊት አንድ ድምፃዊ ይያዝ።

መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ክላሲካል ድምፃዊ ማይክ አይዝም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንድ ሰው ከሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ አዳራሹ ጥግ ድረስ መሰማት አለበት። በጩኸት አይሆንም፤ በጩኸት ቢሆን ኖሮ የአውቶቡስ ተራ ወያላ ሁሉ ኦፔራ በዘፈነ። የስዊድኑ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ ነገሩን ለክቶ አሳይቶታል፦ የኦርኬስትራ ድምፅ ጉልበቱ የሚበዛው ወደ 500 ኸርዝ (ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) አካባቢ ሲሆን፣ የሠለጠነ ድምፃዊ ግን የጉሮሮውንና የአፉን ቅርጽ አስተካክሎ ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ይፈጥራል። እዚያ ከፍታ ላይ ኦርኬስትራው ደከም ስለሚል ድምፁ ሾልኮ ይወጣል። ይሄ በተለይ ወንዶች ላይና ዝቅ ያለ ድምፅ ባላቸው ሴቶች ላይ በግልጽ ይታያል፤ ከፍ ያለች ሶፕራኖ ሌላ ዘዴ ነው የምትጠቀመው፣ አፏን ከፍታ ቅርጹን ከዜማው ጋር እያስማማች።

ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? የእኛ ልጆች የሚያድጉት በማይክ ስለሆነ ነው። ያውም በመጥፎ ማይክ። ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) አይሰራም፣ ድራሙ ከጎን ይደበድባል፣ ልጅቷ ራሷን ስለማትሰማ ትጮኻለች። የአዳር ጸሎት ከሆነማ እስከ ንጋት ነው። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ድምፅ የለም፣ "ብርድ መታኝ" ይባላል።

አንዲት አብሬያት የምሠራ ሶፕራኖ አለች፣ ከእነዚህ ኳየሮች የወጣች። ስትመጣ ድምፅዋ እስከ መሃል ድረስ ግሩም ነው፤ ላይኛው ሚ እና ፋ አካባቢ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ጣሊያኖቹ ፓሳጆ የሚሉት መሸጋገሪያ ነው፤ ሁሉም ድምፅ አለው፣ ቦታው ነው የሚለያየው። ኳየር ውስጥ ሌሎቹ ስለሚሸፍኗት ማንም አይሰማውም። ብቻዋን ስትቆም ግን የሚደበቅ ነገር የለም። እሷ የምታውቀው መፍትሔ የታችኛውን ድምፅ በጉልበት ወደ ላይ መግፋት ነበር። አስተማሪዋ ያን አስተዋት። ለወራት ዘፈን የሚባል ነገር አልሰጣትም። ከንፈር እያርገበገቡ "ብርርር" እያሉ ከታች ወደ ላይ መውጣት፣ ስትሮ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማንጎራጎር፣ በ"ስስስ" ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ ጎድን አጥንቷ ቶሎ እንዳይዘጋ በእጇ እየያዘች። ትንፋሽ ማስገባት ማንም ያውቃል፤ ጣጣው አወጣጡ ላይ ነው። እኔ ፒያኖው ላይ ቁጭ ብዬ አምስት ኖታ እሰጣታለሁ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ፣ እንደገና አምስት ኖታ። ለአጃቢ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን ትከሻዋ የሚነሳበትን፣ አገጯ የሚወጣበትን ኖታ ያወቅሁት በዚያ ሰዓት ነው። ዛሬ የምትተነፍስበትን ቦታ ጀርባዋን አይቼ እነግራችኋለሁ።

ሌላው ከዜማ ቤት የመጣ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው) ነው። ልጅ እያለ ዜማ ቆጥሯል፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ጠንቅቆ ያውቃል። የዚህ ሰው ትንፋሽ ያስቀናል። እኔ ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጠዋል ብዬ የማስበውን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ማስታወስ ላይማ ወደር የለውም። ኖታ ስናስተምረውም ብዙ አልተቸገረም፤ ከፊደል በላይ ምልክት ተጽፎ ድምፅ እንደሚመራ ድፋትና ሂደትን፣ ቁርጥና ጭረትን ሲያነብ ኖሮ የለ። የከበደው ርክርኩን መተው ነው። ጣሊያንኛው ላይ ቀጥ ያለ ኖታ ይሰጠዋል፣ እሱ መጨረሻ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠውና ሁለታችንም እንስቃለን። በነገራችን ላይ ያሬዳዊውን ዜማ መድረክ ላይ አያወጣውም፤ "ያ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይሄ ሙያዬ ነው" ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። አክብሬለታለሁ።

ጆሮው በትዝታ ቅኝት ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ሜጀር ትዝታ ውስጥ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጂ ፋ እና ሲ የሉም። ስለዚህ አዲስ ዘፈን ላይ ሲ ስትመጣ ወደ ታች ትንሸራተታለች፣ ፋ ደግሞ ከፍ ትላለች። ድምፃዊው አይሰማውም። እንዲህ ሲሆን እኔ ኖታውን አብሬ አልመታለትም፤ ከሥሩ ኮርዱን ይዤ እሱ ራሱ ቦታውን እስኪያገኝ እጠብቃለሁ። ዜማውን እየመታችሁ ከመራችሁት ተደግፎ ይቀራል።

ቋንቋው ሰውን የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም። ጣሊያንኛ ላይ ሐበሻ ዕድለኛ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት ከእናታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ነው፣ ሌሎች ግን ብዙ ይለፉበታል። ጀርመንኛ ነው አስቸጋሪው። ተነባቢ ይደራርባል፣ እኛ ደግሞ ሳናውቀው በመሃል ሳድስ እንሰነቅራለን። አንድ ክፍለ ቃል የነበረው ሁለት ይሆንና ከኖታው ይተርፋል። መድኃኒቱ ያለ ዜማ ነው፤ ግጥሙን በምቱ ልክ እያነበቡ፣ እኔ ግራ እጄን ብቻ እየመታሁ፣ አፍ እስኪለምደው። የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ከሥሩ በአማርኛ ጻፉት። ጠቅላላ ሐሳቡን ሳይሆን ቃል በቃል ነው የምላችሁ። የምትዘፍነውን ቃል የማታውቅ ልጅ የት እንደምትተነፍስ አታውቅም።

ስለ ዘፈን ምርጫ ደግሞ ለምኜ ልናገር። ዩቲዩብ ላይ ዝነኛውን የኦፔራ ድምፃዊ ፓቫሮቲን ሰምቶ በነጋታው የፑቺኒን ኦፔራ የሚጀምር ልጅ አይጠፋም። ፓቫሮቲ ራሱ ድምፅ መማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን ኦፔራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ሚና ይዞ የወጣው በ1961 ነው። በመሃል ያሉትን ዓመታት ቁጠሩ። ጀማሪ የሚጀምረው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ዘፈኖች ነው፤ ካቺኒ፣ ስካርላቲ፣ ካልዳራ። አጫጭር ናቸው፣ ብዙ ከፍ አይሉም፣ ፒያኖውም ቀላል ነው። ከዚያ የሹበርትና የሹማን ዘፈኖች፣ ከዚያ የሞዛርት አሪያዎች (የኦፔራ ሶሎ ዘፈኖች)። ኒኮላ ቫካይ የሚባል ጣሊያናዊ ለድምፅ ተማሪ ያዘጋጀው መለማመጃም አለ፤ እያንዳንዱ ልምምድ አጭር ዘፈን ስለሆነ ሰው አይሰለቸውም፣ ለከፍተኛም ለዝቅተኛም ድምፅ የሚሆን ቅጂ አለው። እነዚህን ሁሉ አይኤምኤስኤልፒ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ፤ ደራሲዎቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን ስላለፈ ኖታው የማንም ንብረት አይደለም። ፎቶኮፒ ቤት ወስዶ ማተም ነው።

ጤናን ባጭሩ። ውሃ ጠጡ፣ ማታ ጠግቦ ወዲያው መተኛት ተዉ፤ ቃር ጉሮሮ ድረስ ወጥቶ ድምፅ ያበላሻል። ድምፅ ሲጎረንን በሹክሹክታ ማውራት እረፍት አይደለም፣ ዝም ማለት ነው እረፍቱ። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ዝንጅብልና ማሩን ትታችሁ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁን ወደ ኪቦርዲስቶቹ ልምጣ፣ ብዙ የምለው ያለኝ እዚህ ነው።

እናንተ ቸርች ውስጥ ያደጋችሁ ልጆች ምን እንደያዛችሁ አታውቁትም። አንዲት እናት ከመሃል ተነስተው መዝሙር ይጀምራሉ፣ ከየትም ኪ (የዜማ መነሻ ከፍታ)፣ አንዳንዴ ከሁለት ኪ መሃል። እናንተ ሁለተኛው ቃል ላይ አግኝታችኋቸዋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከፍ ቢሉ አብራችሁ ከፍ ትላላችሁ። ሰባኪው ሲያለቅስ ትቀንሳላችሁ፣ ሲነሳ ትነሳላችሁ። ሰውን መከተል፣ ዘፋኙ ሲሳሳት ሳያሳጡ መሸፈን፣ በቅጽበት ኪ መቀየር፣ ይሄ ሁሉ አጃቢ ለመሆን በውጭ አገር ለብቻው በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሶሎ ፒያኖ ብቻ ሲማር ያደገ ጎበዝ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሄ ይጎድለዋል። እሱ ያለው እናንተ የሌላችሁ ደግሞ ኖታ ማንበብ ነው። ያ ይማሩታል።

የምትተዉት ነገር አለ። አንደኛው ዜማውን በቀኝ እጅ እየደገሙ መምራት ነው። ሌላው ፔዳል ላይ እግር ጭኖ መርሳት። ባዶ ቦታ ባያችሁ ቁጥር በሩጫ መሙላትንም ተዉ። ሹበርት ዝም ያለበት ቦታ ላይ ዝም በሉ። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር፤ አምልኮ ላይ ዝምታ ማለት ኪቦርዲስቱ ተኝቷል ማለት ነዋ። የኪቦርዱን ሪትምና ስታይልማ ጭራሽ አታስቡት።

ኖታ ማንበቡን እንዴት ለመድኩት? አስተማሪዬ ያስጀመረኝ ከማውቀው ነው። የኳየራችንን የአራት ድምፅ መዝሙር በኖታ አምጥቶ አስቀመጠልኝ። ጆሮዬ ስለሚያውቀው ዓይኔ ብቻ ነበር የሚማረው። ከዚያ ሁለቱን ድምፅ እየተጫወትኩ ሦስተኛውን እንድዘፍን አደረገኝ። ከዚያ ቤዙን ተጫውቼ ሶፕራኖዋን መዝፈን። ድምፅ የለኝም ብል አልሰማኝም፤ "እንድትዘፍን አይደለም፣ እንድትተነፍስ ነው" አለኝ፤ አጃቢ አብሮ ካልተነፈሰ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀድማል። በየቀኑ አዲስ ገጽ፣ ቀላል ይሁን ግን ሳይቆሙ፣ ቢሳሳቱም ሳይመለሱ። ኪቦርዲስት ሲሳሳት ተመልሶ ማስተካከል ይወዳል። ድምፃዊው ግን አይጠብቃችሁም፣ ሄዷል።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ፣ እኔም ማንም ሳይነግረኝ ቆይቶ የገባኝ ነው። ድምፃዊና ፒያኖ አብረው ሲገቡ ፒያኖው ከየትኛው ድምፅ ጋር ነው የሚገጥመው? ከቃሉ መጀመሪያ ጋር አይደለም፣ ከአናባቢው ጋር ነው። ቃሉ በ"ስትር" የሚጀምር ከሆነ ስ፣ ት፣ ር ሦስቱም ከምቱ በፊት መውጣት አለባቸው፤ አናባቢው ነው ምቱ ላይ የሚያርፈው። እናንተ ስ ስትሰሙ ከመታችሁ ቀድማችኋል፣ ድምፃዊውም ዘግይቶ የገባ ይመስላል፣ ሰውም እሱን ይወቅሳል። ስለዚህ አፉን ታያላችሁ። ማየት ካልቻላችሁ ትንፋሹን ትሰማላችሁ፤ የትንፋሹ ፍጥነት የሚመጣውን ቴምፖ (የዘፈኑን ፍጥነት) ይነግራችኋል። መከተል የሚባለው ነገር ብቻውን አያዋጣም፣ ተከትላችሁ ከሆነ ዘግይታችኋል። ቀድማችሁ መገመት ነው ያለባችሁ፣ ለዚህ ደግሞ አብሮ ብዙ ሰዓት መቀመጥ እንጂ አቋራጭ የለውም።

አጃቢነት ከኋላ መቀመጥ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ ጄራልድ ሙር የሚባለውን እንግሊዛዊ ይፈልግ። ዕድሜ ልኩን አጃቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ የስንብት ኮንሰርቱ ሲደረግ ሽዋርዝኮፍን፣ ዴ ሎስ አንጄለስንና ፊሸር ዲስካውን የመሳሰሉ የዘመኑ ትልልቅ ድምፃውያን ናቸው መጥተው የዘፈኑለት። ሹበርትም ከ600 በላይ ዘፈን ሲጽፍ ፒያኖውን ማጀቢያ ብቻ አላደረገውም። በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1815፣ በጎተ ግጥም ላይ የሠራው አንድ ዘፈን አለ፤ አባት የታመመ ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል። ግልቢያው ያለው ፒያኒስቱ ቀኝ እጅ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግድም ያለ እረፍት የሚደበደብ ኦክታቭ (አንዱ ኖታ ከታችም ከላይም አብሮ)። ድምፃዊው ተራኪውን፣ አባቱን፣ ልጁንና ልጁን የሚጠራውን መንፈስ ይሆናል፤ አጃቢው ፈረሱ ነው። አንጓዬ እሳት ሆኖ ነው የምጨርሰው። ጀማሪ አይንካው፣ ጅማት ይጎዳል።

ዕቃን በተመለከተ፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለመለማመድ ያስጀምራል እንጂ አያደርስም። ከታች የግራ እጅ ኖታዎች ያልቁባችኋል፣ ቁልፉም ብዙ ጊዜ ክብደት ስለሌለው ለስላሳና ጠንካራ አመታትን እንደ ፒያኖ ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፉ የሚከብድ ዲጂታል ፒያኖ ፈልጉ፤ ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ፔዳሉ የማይንሸራተት ይሁን። ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ አትናቋት፣ ድምፃዊቷ ጉንፋን ይዟት ስትመጣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ታደርጋላችሁ። በእጅ መቀየሩንም ግን ተለማመዱ፤ እውነተኛ ፒያኖ ላይ ያቺ ቁልፍ የለችም።

መብራት! አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ የጋበዙን ሰዎች ጄኔሬተር አለ ብለው ምለው፣ ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። የእኔ ፒያኖ እንደ ጠረጴዛ ዝም አለ፣ ባሪቶኑ ግን አላቆመም። ያ የዜማ ቤት ትንፋሽ በጨለማ ቀጠለ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አበራለት፣ ኪውን ሳይለቅ ጨረሰ። ጭብጨባው ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ባትሪና ኢንቨርተር ይዤ ነው የምሄደው፣ የማንንም ጄኔሬተር አላምንም።

የት ይማሩ ለሚለው፦ መደበኛውን መንገድ የሚፈልግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፣ መግቢያው በፈተና ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከዚያ ተነስቶ ነው ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ኮንሰርቫቶሪ የደረሰው። እዚሁ ሀዋሳ የቀረ ሰው ደግሞ ከያሬድ ተመርቀው በየትምህርት ቤቱ ሙዚቃ የሚያስተምሩትን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው ቤት ያስተምራሉ። በኢንተርኔት ትምህርት ለድምፅ መጥፎ አይደለም፣ ለአጀባ ግን አይሆንም፤ ድምፁ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መሥራት አይችልም። በቪዲዮ የሚማር ድምፃዊ እንኳ አጠገቡ ፒያኖ የሚመታለት ሰው ቢኖር ሌላ ነገር ነው።

እንጀራው ጉዳይ ላይ አልዋሻችሁም። አገራችን ውስጥ ቋሚ የኦፔራ ቤት የለም። ሀዋሳ ላይ በክላሲካል ዘፈን ብቻ የሚተዳደር ሰው አላውቅም። ሶፕራኖዋ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ሠርግ ላይ ትዘፍናለች። ባሪቶኑ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እኔ የሰዎችን ልጆች ፒያኖ አስተምራለሁ፣ ኳየር አዘጋጃለሁ፣ አንዳንዴ ሆቴል ውስጥ እጫወታለሁ። ልብ ብላችሁ እዩት ግን፤ ከሦስታችን በዚህ ሙያ ብቻ የምኖረው እኔ አጃቢው ነኝ። ውጭም ቢሆን ተመሳሳይ ነው። ጀርመን ውስጥ ብቻ በመንግሥት ድጎማ የሚንቀሳቀሱ ወደ 80 የሚጠጉ ኦፔራ ቤቶች አሉ፤ በየቤቱ ከድምፃውያኑ ሌላ ሬፔቲቴር የሚባሉ ፒያኒስቶች በደሞዝ ይቀጠራሉ። ኦርኬስትራው የሚጫወተውን በሙሉ ፒያኖ ላይ ጨምቀው ድምፃውያኑን የሚያስጠኑት እነሱ ናቸው፣ ያልመጣ ድምፃዊ ካለም የእሱን መስመር እየዘፈኑ። ትልቁ ኮንዳክተር ጆርጅ ሾልቲ ቡዳፔስት ኦፔራ ላይ የጀመረው በዚህ ሥራ ነው። ለድምፃውያን ደግሞ የኦፔራ ኳየር አባልነት ከሶሎ ይልቅ ቋሚ ደሞዝ ያለው ሥራ ነው። ኳየር ውስጥ ላደገ የሀዋሳ ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለውጭ ትምህርት ወይም ስኮላርሺፕ ስትሞክሩ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቪዲዮ ነው። የእኛ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ ከድምፃቸው የተነሳ አይደለም። ብዙ ቦታ በካራኦኬ የተቀረጸ አይቀበሉም፣ ፒያኒስቱ በአካል እንዲኖር ይፈልጋሉ፣ ዘፈኑም ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ እንዲቀረጽ። አጃቢ ስላጡ 275 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄደው፣ ከማያውቁት ፒያኒስት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው የሚቀርጹ አሉ። አንገታቸው ሲገተር ቪዲዮው ላይ ያስታውቃል። እዚሁ አብሯችሁ ሲያጠና ከኖረ ሰው ጋር ቅረጹት። ስልኩን ራቅ አድርጉ፣ ከድምፃዊው ሁለት ሦስት ሜትር፣ የፒያኖው ስፒከር ስልኩ ላይ እንዳይጮህ። ምንጣፍና መጋረጃ የበዛበት ክፍል ድምፅ ይበላል፤ ባዶ የሆነ የስብሰባ አዳራሽ ይሻላል። ኤኮም ሪቨርብም አትጨምሩ። በጠዋት ቅረጹ፣ ባጃጁ ሳይበዛ።

በአካል ፈተና ከደረሳችሁ ደግሞ አብሯችሁ የሚጫወተው እዚያ የተመደበ፣ አይታችሁት የማታውቁት አጃቢ ሊሆን ይችላል። ኖታው በፎልደር፣ በሁለቱም ገጽ ታትሞ፣ የሚዘለሉ ቦታዎች በግልጽ ተሰርዘው ይሁን። ልቅ ወረቀት ከፒያኖው ላይ ይበተናል። ቴምፖውን በጣት እያጨበጨባችሁ አትስጡት፣ እንደ ማዘዝ ይቆጠራል፤ አንድ መስመር በቀስታ ዘፍናችሁ አሰሙት፣ ይገባዋል።

ገንዘቡን ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ሀዋሳ ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ "እህቴ ናት፣ ወንድሜ ነው" እየተባለ አጃቢ በምስጋና ይሸኛል፤ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩት ስልክ አያነሳም። ኪቦርዲስቶች፣ የምታስከፍሉት ለፕሮግራሙ ቀን ብቻ አይሁን፤ ሥራው ያለው ጥናቱ ላይ ነውና በሰዓት አስቡት። ድምፃውያንም ኖታውን ቀደም ብላችሁ፣ በምትዘፍኑበት ኪ፣ ገጹ ሳይጎድል ላኩ። እኔ ግማሹን ጥናት ከመጀመራችን በፊት በቴሌብር እቀበላለሁ፣ ግማሹን በቀረጻው ቀን። ሶፕራኖዋም እንደዚያው ነው የምትከፍለው፣ ሠርጌ ላይ በነፃ ብትዘፍንልኝም።